የእማዬ መልስ በወጨጫ በኩል

እኔ ያለ ፕላን ከቤት አልወጣም። ወንድሜ «አንቺ እኮ ለማስነጠስም ቀጠሮ ትይዣለሽ» እያለ ያበሽቀኛል፤ ይበል። ቡራዩ ላይ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለኝ፤ ዕቃ የማመላልስበት አሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፕም አለኝ። ሁለቱም እስከ ዛሬ የቆሙት እሱ በሚስቅበት ፕላን ነው። እሱ ሱሉልታ ይኖራል፣ ሚኒባስ ይነዳል፤ ስለ ነገ የሚያስበው ነገ ሲነጋ ነው።

ስለዚህ አንድ እሁድ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «ይሄን እዪ!» ሲለኝ የተናደድኩት በሐሳቡ አይደለም፤ ሐሳቡ ከእሱ በመምጣቱ ነው። ቪዲዮው ላይ ጥቂት መኪኖች በጠባብ የአፈር መንገድ ተራራ ይወጣሉ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ጥድ። ጫፍ ሲደርሱ ሰዎቹ ወርደው ይጮኻሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ።

«የት አገር ነው?» አልኩት፤ ባሌ መስሎኝ።

«የት አገር ትለኛለች እንዴ! ወጨጫ ነው! ከሰበታ ተነስቶ በተራራው አንገት አልፎ ወደ እናንተ ወደ ቡራዩ በኩል ይወርዳል።»

አፈርኩ። ተወልደን ያደግነው ሰበታ ነው። ወጨጫን በየቀኑ እያየን፣ ራሱን ሲከናነብ ዝናብ መጣ እያልን ነው ያደግነው፤ ማዶውን ግን አይተነው አናውቅም። ወደዚያ በኩል የሚያስሄድ ጉዳይ ሲኖር ሁሌም አዲስ አበባን ዞረን ነው። ለምን እንደምንዞር ጠይቄ አላውቅም፤ የለመዱትን መንገድ ማን ለምን ይላል?

በዚያው ቀን ፕላኑን ጀመርኩ። ጾም ሳይገባ፣ ዝናቡም ካቆመ በኋላ፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት። እማዬንና አባዬን ከሰበታ አንስተን፣ ተራራው አንገት ላይ ቁርስ በልተን፣ ወደ ቡራዩ ወርደን፣ በእንጦጦ አድርገን ሱሉልታ ወንድሜ ቤት ምሳ። በተለይ ለእማዬ ነበር የጓጓሁት። እማዬ ለራሷ ደስታ ከቤት ወጥታ አታውቅም። የምትወጣው የሰው መልስ ልትሠራ ብቻ ነው። ሰበታ ውስጥ ሙሽራ ከነባሏ ወላጆቿ ቤት ስትጠራ የዚያን መልስ ዶሮ ወጥ እማዬ ካልሠራችው ድግሱ ድግስ አይባልም። ወገቧ እየተቆረጠም ቢሆን ትሄዳለች። «ሌላው ይቅር፣ መልስ ግን አይቀርም» ትላለች።

ከጉዞው በፊት ባለው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ፕላኑን ልንነግራቸው ሰበታ ሄድን። አባዬ ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ መሬቱ ቤት ከተሠራበት ወዲህ ግቢ ውስጥ ጥቂት የወተት ላሞች ያረባሉ። ምሳ ቀረበ። እማዬ እንደ ልማዷ ከአባዬ ፊት ቆርሳ ቀመሰች፤ ከዚያ በኋላ አባዬ ጀመሩ። እኛ ቤት ሁሌም እንዲህ ነው። ልጆች ሳለን «ፍቅራቸው ነው» እያልን እንስቅባቸው ነበር። አባዬም በበኩላቸው ስለ ወጥ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተንፍሰው አያውቁም፤ ቢያርም፣ ጨው ቢበዛም «እጅሽ ይባረክ» ነው። የሰፈሩ ሴቶች «እንዳንቺ ባል ያለ ይስጠን» እያሉ ይቀኑባት ነበር።

ስልኬ ላይ ካርታውን ከፍቼ ዘረጋሁላቸው። «አባዬ፣ ተራራውን ልናቋርጥ ነው፤ በዚህ በኩል ነው አይደል መውጫው?»

የአባዬ እጅ ወጡ ላይ ቆመ። «በዚያ አይኬድም» አሉ።

«ለምን? መንገድ እኮ ወጥቶለታል።»

«አይኬድም አልኩሽ!»

ወንድሜ መቼም አፉ አያርፍም። «አባዬ፣ ገደል ከፈሩ ዓይንዎን በነጠላ እንሸፍንልዎታለን» አለ። አባዬ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሱና ወደ ላሞቹ ሄዱ። አባቴ እህል ጥለው ሲነሱ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። 

እማዬ ግን ስልኩን ትመለከት ነበር። «ስልካችሁ ተሳስቷል» አለች ቀስ ብላ። «መውጫው እዚህ ጋ አይደለም። በወፍጮ ቤቱ በኩል ነው። ወንዙን ትሻገሩና ኮሶዎቹ ያሉበት ትደርሳላችሁ፤ ከዚያ ጥዱ ያልቅና የአስታ ቁጥቋጦ ብቻ ይሆናል። አንገቱ ላይ ጠፍጣፋ ትልቅ ድንጋይ አለ፣ ሰው የሚያርፍበት።»

እኔና ወንድሜ ተያየን። የእማዬ ዘመዶች በወረርሽኝ አልቀዋል፣ ማንም የላትም እየተባልን ነው ያደግነው። ከየት እንደመጣች ስንጠይቃት «ከሩቅ» ነበር መልሷ። ይኸው ሩቁ ከጓሯችን በላይ ያለው ተራራ ሆኖ ተገኘ።

«አንቺ በየት አባትሽ አገር ታውቂዋለሽ?» አልኳት፤ ስደነግጥ አፌ ይባልጋል።

«ስዳር የመጣሁበት ነዋ።»

«በበቅሎ?»

«በእግሬ።»

«ሚዜዎችሽስ? ዘፋኞቹስ?»

«ምን ሚዜ አለ? ሽማግሌዎቹ ፊት ፊት፣ ከብቶቹ ኋላ፣ እኔ መካከል ነበርኩ።»

«የምን ከብት?» አለ ወንድሜ።

«የካሣው» አለች እማዬ። «ወንድሜ የአባታችሁን ወንድም ገደለ። በግጦሽ ተጣልተው፣ በዱላ፣ አንዴ ነው የመታው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ጉማ ተቆረጠ። ከብቱ ለደሙ አይበቃም ተባለ። ሴት ልጅ ትጨመርበት ተባለ። የነበርኩት ሴት ልጅ እኔ ነኝ።»

ክው አልኩ። ጉማ የደም ካሣ መሆኑን የማያውቅ የሰበታ ልጅ የለም፤ አያቶቻችን ዘመን የቀረ ወግ ይመስለኝ ነበር እንጂ ምሳ የምታቀርብልኝ እናቴ ራሷ ካሣ ትሆናለች ብዬ በምን አእምሮዬ ላስብ!  እማዬ ደግሞ የገበያ ወሬ እንደነገረን ሁሉ እጇን በጨርቅ ትጠርጋለች።

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?» ጮህኩባት።

«ለልጅ አይነገር ተብሎ ተምሏል፤ ደም ይቀሰቅሳል ተብሎ። እና ዝም አልን።»

«ታዲያ አሁን ለምን ነገርሽን?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ መንገዱን ያወጣሽው? እኔ ምን ላድርግ?» አለች። የምሳውን ዕቃ እያነሳች፣ «የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ መልስ ሠርቻለሁ። ያልተጠራሁ እኔ ብቻ ነኝ። ለካሣ የተሰጠች መልስ የላትም፤ ማን ይጠራታል? ወንድሜ ታስሮ ወጥቶ አርጅቷል አሉ፤ ገበያተኞች ይነግሩኛል። ሳልሞት በዚያ መንገድ መሄድ እፈልጋለሁ። ከአባታችሁ ጋር። ብቻዬን ከሄድኩ የተመለሰች ዕቃ ነኝ። ከሳቸው ጋር ከሄድኩ ሙሽራ ነኝ» አለች።

የዚያን ቀን አባዬን ሳልሰናበት ነው የወጣሁት። ፊታቸውን ማየት አስጠላኝ። በመንገዱ ላይ ሁሉ እናቴ ከብት መካከል ስትሄድ ትታየኛለች። ሳምንቱን ሱቅ ውስጥ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። አንድ የዘወትር ደንበኛዬ ክሬም ቀለም ቢያዘኝ አረንጓዴ በጥብጬ ሰጠሁት፤ «እህቴ፣ ሳሎኔን ነው እንጂ አጥሬን አላልኩሽም» ብሎ መለሰልኝ። ወንድሜ ሚኒባሱን አቁሞ ይደውልና አያወራም። አንዴ ብቻ «እኛ ታዲያ ምንድን ነን? የካሣው ወለድ?» አለኝ። ሳልፈልግ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሁለታችንም ስልኩ ላይ አለቀስን።

ጉዞው ቀርቷል ብዬ ነበር። እማዬ ግን ደወለች። «ጎማው ተቀየረ?» አለችኝ።

«የምን ጎማ?»

«የመኪናሽ ነዋ! በላጣ ጎማ ያን ዳገት ልታወጪኝ ነው? እኔ እሄዳለሁ አልኩ እኮ!»

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ጎማዎቹን አስቀየርኩ። ፍሬኑን አሳየሁ፣ ስኮርታ ጎማና ክሪክ ጫንኩ፣ ከዚያ ወገን ቡራዩ ቅቤ የምታመጣ ሴት ፈልጌ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ ወንዙ መጉደሉን ጠየቅኩ። እማዬ በየማታው እየደወለች ፕላኔን ታርምልኛለች። ቁርሱን ሰረዘችው። «ለመልስ በባዶ ሆድ ነው የሚኬደው» አለች። የቱ መልስ፣ ማን ጠርቶሽ ልላት ብዬ ምላሴን ነከስኩ። አሳዘነችኝ።

የቀሩት አባዬ ነበሩ። ሱቁን ዘግቼ ሰበታ ሄድኩ፤ ላም ሲያልቡ አገኘኋቸው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደምኩም።

«እናቴን እንደ ጊደር አስነድተው አምጥተው ስንት ዘመን ‹እጅሽ ይባረክ› ሲሏት ትንሽ አያፍሩም?»

ይመቱኛል ብዬ ነበር። አልመቱኝም። ወተቱን ወደ ጎን አደረጉና የተቀመጡበት ዱካ ላይ እንዳሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ አላስነዳሁም» አሉ። «እኔን የጠየቁኝ መሰለሽ? እኔም ልጅ ነበርኩ። ወንድሜን ቀብሬ አፈሩ ሳይደርቅ ‹ሚስትህ መጣች› አሉኝ። ስሟን እንኳ የነገረኝ የለም። ያቀረበችልኝን እህል አልነካሁም። የገዳዩ እህት ናት፤ ምን እንደጨመረችበት በምን አውቃለሁ? አለመንካቴን አየች። ከፊቴ ቆረሰችና በላች። ከዚያ በላሁ። በማግስቱም እንደዚያው አደረገች።»

 የላሟ በረት ግንድ ላይ ተደግፌ ቆምኩ። ፍቅራቸው ነው እያልን የሳቅንበት ነገር! ከልጅነቴ ጀምሮ የበላሁት ምሳ ሁሉ በዓይኔ ላይ ተመላለሰ።

«በስማም! እስከ ዛሬ ይጠረጥሯታል?»

«ኧረ አፍሽን ያዢ!» ጮኹብኝ፤ ላሟ ደንግጣ ተራገጠች። «አንቺ ስትወለጂ ለቆኛል፤ እንዲያውም ከዚያ በፊት። ግን ‹አቁሚ› ማለት ‹እጠረጥርሽ ነበር› ማለት ነው። እንዴት ተብሎ ይባላል? እሷም አላቆመች፣ እኔም አላልኳት፤ እንዲሁ አረጀን።»

«ወጥ የማያማርሩትስ?»

«በምን አፌ? እኔ ያቺ ልጅ ባቀረበችው እህል ላይ ምን አፍ አለኝ?»

ለጠብ የመጣሁባቸው ሰውዬ እንባዬን አመጡት። ተናድጄ ልጨርስ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። «ታዲያ ከሷ ጋር ይሂዱላት» አልኳቸው። «ሌላ ምንም አልፈለገችም።»

አባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወንድሜን የገደለ ሰው ቤት እህል? አልችልም፣ ልጄ። ሌላ ነገር ጠይቂኝ።» ወተታቸውን ይዘው ገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ሰበታ ደረስን። እማዬ በር ላይ ቆማለች። አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጸጉሯን ተሠርታለች፤ እጇን ሳይ ደግሞ ጣቶቿ በእንሶስላ ቀልተዋል። እንደ ሙሽራ። ወንድሜ «ወይኔ እማዬ» ብሎ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። አባዬ የሉም። እማዬ ከኋላ ወንበር ገባች፣ ወደ መስኮቱ ተጠግታ ከጎኗ ቦታ ተወች።

«እንሂድ?» አልኳት።

«ቆይ።»

ሞተሩን አስነስቼ ቆየሁ። ነዳጅ ይቃጠላል፣ እኔም እቃጠላለሁ፣ እሷ ግን ከፊቷ ሌላ ሰው እንዳለ ሁሉ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ልቤ «አይመጡም» ይለኛል። በኋላ በረቱ በኩል በር ሲጥጥ አለ፤ አባዬ ለፋሲካ ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ገብተው ከጎኗ ተቀመጡና በሩን ዘጉ።

«በአንደኛ ማርሽ ነው የሚወጣው፤ እንዳታጣድፊው» አሉኝ። ቀጥለው «እህል ግን አልቀምስም፤ ይታወቅልኝ» አሉ። እማዬ ወደ ውጭ እያየች «እሺ» አለች።

በወፍጮ ቤቱ በኩል ወጣን፤ ስልኬ እውነትም ተሳስቷል። ወንዙ ጎድሏል። ኮሶዎቹ አሉ። መንገዱ ሲጠብ አባዬ ከኋላ ሆነው «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ድንጋዩን ተዪው» እያሉ ይመሩኛል፤ ዕድሜ ልካቸውን የሸሹትን መንገድ ጠጠሩን ሳይቀር ያውቁታል። ወንድሜ ቪዲዮ ሊቀርጽ ያወጣውን ስልክ መልሶ ኪሱ ከተተው። አንገቱ ላይ ስንደርስ ጠፍጣፋው ድንጋይ እማዬ እንዳለችው ቁጭ ብሏል። ወረድን። ነፋሱ ነጠላዋን ሊወስደው ደረሰ። ከታች የገፈርሳ ውሃ ያብረቀርቃል፣ የቡራዩ ቆርቆሮ፣ ከማዶ የእንጦጦ ጀርባ፣ ከጀርባውም ሱሉልታ። ይህን ሁሉ ስንዞረው ኖርን ብዬ ቆጨኝ።

ከዚያ ዝቅ ብዬ ሳይ፣ ከመታጠፊያው በታች አንድ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ሰው ተሰብስቧል። 

«እማዬ፣ ለቅሶ አለ መሰለኝ። ወንድምሽ...»

«መልስ ነው» አለች።

«የማን?»

«የኔ ነዋ። እነሱ እስኪጠሩኝ ልሙት? ራሴ ጠራኋቸው። አንዷ ገበያተኛ ስልክ ቁጥራቸውን አመጣችልኝ፤ ‹ልጃችሁ ከነባሏ ትመጣለች፣ መልስ ደግሱ› አልኳቸው።»

ፕላን አዋቂዋ እኔ! ስኮርታ ጎማ ስቆጥር እሷ ድንኳን አስተክላለች። አባዬም እንደኔው አልሰሙም ኖሯል፤ ወደ እሷ ዞሩ። «ከነባሏ አልሽ?» አሏት። «አልኩ» አለች። «ባልመጣስ ኖሮ?» «እንግዲህ እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እመለስ ነበር» አለች። አባዬ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ፣ ከዚያ ቀድመው መኪናው ውስጥ ገቡ።

ስንደርስ እልልታው ቀለጠ። «ባጋ ነጋን ዱፍቴ»፣ እንኳን በሰላም መጣሽ፣ እያሉ ሴቶቹ እማዬን ከኔ እጅ ነጥቀው ወሰዷት። ወንድሟ ግን አልቀረበም። ቀጭን፣ ጎባጣ ሽማግሌ ነው። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከገዛ ቤቱ በር ላይ እንግዳ ይመስል ቆሟል። አባዬ ፊቱ ደርሰው ቆሙ።  «ኦቦ፣ ግቡ» አለ ሽማግሌው፣ ድምፁ እየተሰበረ። አባዬ ገቡ።

መሶቡ ቀረበ። ዶሮው ወጣ። ሽማግሌው አልተቀመጠም፤ እንደ አሳላፊ ጥግ ላይ ቆሞ መሶቡን ብቻ ያያል። አባዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።  የተናገሩት ትዝ አለኝ፤ እህል ግን አልቀምስም። ከዚህ ቤት ሳይበሉ ቢወጡ እናቴ ዳግመኛ ካሣ ናት።

እማዬ እንደ ልማዷ በእንሶስላ የቀላ እጇን ወደ አባዬ ፊት ዘረጋች፣ ልትቀምስላቸው። አባዬ እጇን ያዙት። ቀስ አድርገው ወደ ጭኗ መለሱት።

«ተዪው» አሏት። «ከእንግዲህ አትቅመሺልኝ።»

ቆረሱ፣ አጠቀሱ፣ ጎረሱ። ሰው ሁሉ አፋቸውን ያያል። ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡና ጥግ ላይ የቆመውን ሽማግሌ ቀና ብለው አዩት።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

አባቴ ስለ ወጥ ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም ብያችኋለሁ። ሽማግሌው ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወንድሜ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠኝ። እማዬ መጀመሪያ አባዬን አየች፣ ቀጥላ ወጡን፣ ከዚያ ጭኗን በጥፊ መትታ ተነሳች።

«ይኸው! እኔ ካልሠራሁት እኮ እንዲህ ነው!» አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ጓዳ ገባች፤ «ጨዉን የት ነው የምታስቀምጡት?» ስትላቸው ይሰማናል።